ተምችና የእሳት እራት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ የምንናገርበትን ርእስ ራሳችን እንድንመርጥ በተፈቀደልን ጊዜ ከመካከላችን ስለ ከዋክብት እንናገር ያሉ ነበሩ፤ ስለ ታላላቅ ወንዞች እንናገር ያሉም ነበሩ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ግን የተስማማነው ስለ አንዲት አመድማ በራሪ ነፍሳት ለመናገር ነው። ይህች ፍጥረት ማታ ማታ በመብራት ዙሪያ እየዞረች ወጥ ውስጥ የምትወድቅና ጧት ከደጃፍ ላይ ተጠርጋ የምትጣል ስለ ሆነች ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። የእሳት እራት ከሚባሉት ወገን ናት። ልጆቿን ግን አገር ሁሉ በሌላ ስም ያውቃቸዋል፤ ገበሬም ስማቸውን ሲሰማ ይደነግጣል። የልጆቿ ስም ተምች ነው።

ዛሬ ልናስረዳ የምንፈልገው ይኸንኑ ነው፤ ማሳውን የሚጨርሰው ትልና በፋኖስ ዙሪያ የምትዞረው በራሪ አንድ ፍጥረት ናቸው። ይህ ነገር ለባዮሎጂ ተማሪ ቀላል ነው። ነገር ግን ትሉን የሚያውቅ ሁሉ እናቱን አያውቃትም፤ እናቱን በየማታው የሚያያትም ሰው ልጆቿ እነማን እንደ ሆኑ አይጠይቅም። በዚህ መካከል ነው እህሉ የሚጠፋው።

ተምች ከየት እንደሚመጣ ሽማግሌዎችን ስንጠይቅ «ከዝናብ ጋር ይወርዳል» የሚሉን ብዙዎች ናቸው። ትናንት ለምለም የነበረ ማሳ ዛሬ ጥቁር ትል ሲርመሰመስበት ላየ ሰው፣ ትሉ ከሰማይ ወረደ ከማለት ሌላ ምን ማለት ይቻለዋል? በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ ኢዩኤል መጀመሪያ ላይ ምድርን ካጠፉት አራት ተባዮች ተምች በስም ተጠርቶ እናገኘዋለን። እርግጥ ነው፣ በዕብራይስጡ አራቱም ስሞች የአንበጣ ዓይነቶች ወይም የአንበጣ ዕድሜዎች ሊሆኑ ይችላሉ የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ የኛ ተርጓሚዎች ግን ለጥፋቱ የሚስማማ ስም ሲፈልጉ ተምችን ማስታወሳቸው የአገራችን ሰው ይህን ትል ምን ያህል እንደሚያውቀው ያሳያል። ሽማግሌዎቻችን «ከዝናብ ጋር ይወርዳል» ሲሉ አንሣቅባቸው። ነገሩ ከግማሽ በላይ እውነት እንደ ሆነ በኋላ እናሳያለን።

አስቀድመን መልኳን እንንገር። በሳይንስ ስሟ ስፖዶፕቴራ ኤግዜምፕታ ትባላለች፤ በድሮዎቹ መጻሕፍት ውስጥ ላፊግማ ኤግዜምፕታ ተብላ ትገኛለች። ክንፎቿ ተዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለኩ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ናቸው። የፊት ክንፎቿ አመድና ቡናማ የተቀላቀለባቸው ሲሆኑ በየመካከላቸው የኩላሊት ቅርጽ ያለው ምልክት ይታያል። የኋላ ክንፎቿ ግን ነጣ ያሉና ስስ ናቸው፤ ጅማቶቻቸውም ጠቆር ብለው ይለያሉ። ቢራቢሮ ስታርፍ ብዙውን ጊዜ ክንፎቿን ከጀርባዋ በላይ ገጥማ ታቆማለች፤ ይህች ግን እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ጎንና ጎን አዘንብላ ገላዋን ትሸፍንበታለች። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ እንደ ዱላ እራስ ያበጠ ነው፤ የእርሷ ግን እንደ ክር የቀጠነ ነው። በጣት ስትነካ የሚለቀው ዱቄት መሰል ነገር ዱቄት አይደለም፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ወይም እንደ ቤት ክዳን ንብብር ተደራርበው የተቀመጡ ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው፤ የክንፏም ቀለም ከእነርሱ የመጣ ነው።

ወንዱን ከሴቷ ለመለየት አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። የኋለኛው ክንፍ ሥር ከፊተኛው ክንፍ ጋር የሚያያዝበት ጠጕር መሰል ነገር አለ፤ ይኸውም በወንዱ አንድ ብቻውን የቆመ ጠንካራ ጠጕር ሲሆን በሴቷ ግን ከአንድ በላይ ነው። ሁለቱ ክንፎች በዚህ ተቆላልፈው እንደ አንድ ክንፍ ሆነው ይበራሉ። ከዚህም የበለጠ ያስደነቀን ጆሮዋ ነው። ይህች ፍጥረት የምትቆጠርበት ቤተ ሰብ በደረቱ ላይ፣ ከኋላ ክንፎቹ አጠገብ፣ ጆሮ አለው። ጆሮውም የሰው ጆሮ የማይሰማውን የሌሊት ወፍ ቀጭን ጩኸት ይሰማል። የሌሊት ወፍ ድምፅዋን እየወረወረች በገደል ማሚቶው አደኗን ስትፈልግ፣ ታዳኟ ደግሞ ያንኑ ድምፅ ሰምታ ትሸሻለች ወይም ወደ መሬት ትወድቃለች። በላያችን በጨለማው ውስጥ እንዲህ ያለ ጦርነት በየሌሊቱ ሲደረግ እኛ አንዲት ቃል አንሰማም።

«የእሳት እራት» የሚለው ስም የተሰጣት ወደ እሳት ስለምትሄድ ነው። ነገር ግን እሳቱን ወዳ ነው? ከጥቂት ዓመታት በፊት በ2016 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ፈጣን ካሜራ በመጠቀም እንዳሳየው፣ ብዙዎቹ የሌሊት በራሪዎች ጀርባቸውን ሁልጊዜ ብርሃን ወዳለበት ወገን ያዞራሉ። ሌሊት ከምድር ይልቅ ሰማዩ ስለሚነጣ በዚህ ልማድ ላይና ታችን ይለያሉ። የሰው መብራት በመካከል ሲገባ ግን ጀርባቸውን ለመብራቱ እየሰጡ ሲዞሩ ከዙሪያው መውጣት ያቅታቸዋል። እንግዲህ ሰማዩ የት እንደ ሆነ ጠፍቷቸው ነው ማለት ነው።

ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ሌሊት በቅጠል ላይ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 600 የሚደርስ እንቁላል ክምር አድርጋ ታስቀምጣለች፤ ከጭራዋም ጠቆር ያለ ጠጕር ነቅላ ታለብሰዋለች። ከ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ትል ከክር አይወፍርም፤ መልኩም አረንጓዴ ስለ ሆነ በሣር መካከል ሲቀመጥ አይታይም። ከዚያ በኋላ ቆዳውን አምስት ጊዜ እየለወጠ በስድስት ደረጃ ያድጋል፤ ይህም ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይወስዳል። የአበላሉ ነገር መታወቅ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች የሚበላው ጥቂት ነው፤ የቅጠሉን ገጽ ብቻ ይፍቃል። በእጅጉ የሚበላው በመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ነው። ሁለት ያደጉ ትሎች የ10 ቀን ዕድሜ ያለውን የበቆሎ ቡቃያ ለመጨረስ ይበቃሉ። ስለዚህ ገበሬው «ተምች ገባ» ብሎ በሚጮህበት ቀን፣ ተምቹ ከገባ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ይችላል።

ትሉ ከጠገበ በኋላ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይሰወራል። ሰውም «ጸሎታችን ተሰማ» ይላል። ጸሎቱን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ትሉ የሄደው ሩቅ አይደለም፤ እዚያው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ገብቶ ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ተኝቷል። በዚህ ዘመኑ መጻሕፍት ሙሽሬ ይሉታል። አይበላም፤ አይሄድም፤ ውስጡ ግን ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራል። ከ7 እስከ 12 ቀን ከቆየ በኋላ አመሻሽ ላይ ክንፍ ያላት ሆና ትወጣለች። ከእንቁላል እስከ እንቁላል ያለው ዘመን ሁሉ ተደምሮ አራት ወይም አምስት ሳምንት ነው። በክፍላችን ሒሳቡን ሠርተነዋል፤ አንዲት ሴት 600 እንቁላል ብትጥልና ግማሹ ሴት ቢሆን፣ ሁሉም ቢተርፉ፣ በሁለተኛው ትውልድ 180,000 ይሆናሉ፤ ይህም በ10 ሳምንት ውስጥ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም አይተርፉም።

አሁን ወደ ሁለቱ መልኮች እንምጣ። ሰው የሚያውቀው ተምች ጥቁር ነው፤ በጎንና ጎኑ ቢጫና ነጣ ያሉ መስመሮች አሉት፤ ቀን በፀሐይ ሳይሸሸግ ይበላል፤ ማሳውን ሲጨርስም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንደ ጭፍራ ይሄዳሉ። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ከ1000 በላይ የሚገኙበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ይኸው ትል ብቻውን ወይም ከጥቂቶች ጋር ሲያድግ መልኩ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይሆናል፤ ጠባዩም ሰነፍ ነው፤ በሣር ሥር ተሸሽጎ ስለሚኖር ማንም አያየውም። ቀድሞ እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ትሎች ይመስሉ ነበር። ፎር የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ሊቅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ባወጣው ጽሑፍ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን፣ መልካቸውም የሚለወጠው በመጨናነቅ ምክንያት መሆኑን አስረዳ። ከአንዲት እናት የተወለዱትን ወንድማማቾች ከፍሎ አንዱን ለብቻው፣ ሌሎቹን በአንድ ዕቃ አጭቆ ማሳደግ ነው፤ የብቻው አረንጓዴ፣ የተጨናነቁት ጥቁር ይሆናሉ። አንበጣም እንዲሁ እንደሚያደርግ በክፍል ተምረናል።

ጥቁረቱ ምን ይጠቅመዋል? በ1998 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ጥናት አንድ መልስ ሰጥቷል። ተምችን የሚገድል ቫይረስ አለ፤ የታመመው ትል ወደ ሣሩ ጫፍ ወጥቶ ይንጠለጠልና ቆዳው ፈንድቶ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ፈሳሹም የነካው ቅጠል ሌሎቹን ያስይዛል። ብዙ ሆነው በተጨናነቁበት ቦታ እንዲህ ያለው በሽታ ቶሎ መዛመት አለበት። ጥቁሮቹ ግን ከአረንጓዴዎቹ ይልቅ በሽታውን የሚቋቋሙ ሆነው ተገኙ። ሰው በተስቦ ጊዜ አስቀድሞ እንደሚከተብ ሁሉ እነርሱም ገና ሲጨናነቁ ይዘጋጃሉ ማለት ነው። ያም ሆኖ በዝናቡ ማብቂያ ገደማ ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ ያሸንፋቸዋል። በታንዛኒያ ይህንኑ ቫይረስ አዘጋጅቶ በመርዝ ፈንታ በሣር ላይ ለመርጨት ሙከራ ተደርጓል።

አሁን ከዝናብ ጋር ይወርዳል ስላልነው እንናገር። ከአፈር የወጣችው በራሪ በተወለደችበት ቦታ አትቆይም። ጨለማ ሲሆን ወደ ላይ ትነሣለች፤ ከዛፍ በላይ፣ ከኮረብታ በላይ ትወጣና ነፋስ ወደሚነፍስበት ትሄዳለች። በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ልትጓዝ ትችላለች። በሰማዩ ላይ በሰፊው ተበታትነው የሚበሩት እነዚህ በራሪዎች ዝናብ ወዳለበት ሲደርሱ ነገሩ ይለወጣል። የነጐድጓድ ዝናብ በሚጥልበት ስፍራ ነፋሶች ከዚህም ከዚያም መጥተው ይገናኛሉ፤ ነፋሶቹም በራሪዎቹን ጠራርገው ወደ አንድ ቦታ ይሰበስቧቸዋል፤ እነርሱም ከዝናቡ ጋር ይወርዳሉ። ከወረዱም በኋላ ውኃና የአበባ ወለላ ይጠጣሉ፤ ይጋባሉ፤ ዝናቡ ባበቀለው አዲስ ሣር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ሽማግሌዎቻችን ከሰማይ ወረደ ሲሉ የሳቱት ትሉንና እናቱን ብቻ ነው፤ ቀኑንና መንገዱን አልሳቱም። ያለ ራዳርና ያለ መጽሐፍ ይህን ያህል ማወቃቸው ያስደንቀናል።

ደግሞም ክፉው የተምች ዓመት ብዙውን ጊዜ ድርቅን ተከትሎ መምጣቱ ልብ ሊባል ይገባል። ድርቅ የቆየበት መሬት መጀመሪያ ዝናብ ሲያገኝ የሚያበቅለው ሣር እጅግ የሚመግብ ነው፤ የትሉ ጠላቶችና በሽታዎቹም በድርቁ ጊዜ ተመናምነዋል። ዝናቡ ቆረጥ ቆረጥ እያለ መካከሉ ፀሐይ ከሆነ ለትንንሾቹ ትሎች ይስማማቸዋል፤ ሳያባራ የሚጥል ከባድ ዝናብ ግን ብዙዎቹን ይገድላል። እንግዲህ ገበሬው ከአንዱ መከራ ወጣሁ ባለበት ሰዓት ነው ሁለተኛው የሚደርስበት።

ወደ አገራችን የሚመጡት ከደቡብ ነው። በኬንያና በታንዛኒያ ከኅዳር ጀምሮ ባለው ዝናብ ይራቡና፣ የዝናቡ ቀበቶ ወደ ሰሜን ሲሻገር እነርሱም ትውልድ በትውልድ አብረው ይሻገራሉ። በበልግ ወራት በመጋቢትና በሚያዝያ በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላዎችና ወይና ደጋዎች ይታያሉ፤ ከዚያም ወደ መካከለኛውና ወደ ሰሜኑ ክፍል፣ እስከ ኤርትራም ድረስ ይዘልቃሉ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን የሚገቡም አሉ። ስለዚህ በእኛ ማሳ ላይ የምናየው ትል አያቱ የበቀለችው ምናልባት በኬንያ ሣር ላይ ነው። ድንበር ጠባቂ አይመልሳትም፤ የይለፍ ወረቀትም አትጠየቅም።

የምትመርጠው ሣርንና የሣርን ዘመዶች ብቻ ነው፤ ይኸውም ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ የግጦሽ ሣርና እንደ እንግጫ ያሉት ናቸው። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ አትነካም። በአንድ ማሳ ውስጥ በቆሎው አጥንቱ ብቻ ቀርቶ አጠገቡ ያለው ባቄላ አምሮበት ሊቆም ይችላል። ከብት ለሚያረባ ሰው ግን ሌላ አደጋ አለ፤ ተምች የበላው ሰርዶ እንደገና ሲያቆጠቁጥ መርዝነት ያለው ነገር ሊያበዛ ስለሚችል፣ ከብቶች ወዲያውኑ እንዳይሰማሩበት ይመከራል።

ጠላቶቿም ብዙ ናቸው። ሽመላዎች ተምች ባለበት ሜዳ በብዛት ሲሰበሰቡ ይታያሉ፤ ዶሮም ትለቅማለች። ገበሬዎች በሰልፍ የሚመጣውን ተምች ለማገድ ከማሳው ፊት ግድግዳው ቀጥ ያለ ቦይ ይቆፍራሉ፤ ትሉ ቦይ ውስጥ ይገባና ለመውጣት ያቅተዋል። ይህ ዘዴ ጥሩ ነው፤ ግን የሚያገለግለው ጎረቤት ማሳ አስቀድሞ ከጠፋ በኋላ ነው። መርዝ መርጨትም ቢሆን ትሉ ትንሽ ሳለ ነው ትርፉ፤ ከወፈረ በኋላ ገንዘቡም እህሉም አብረው ይሄዳሉ።

በዚህ ላይ በቅርቡ አንድ እንግዳ ተጨምሯል። በ2008 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ የታየው የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገባ። ስሙና ዘመዱ አንድ ቢሆንም ጠባዩ ሌላ ነው። እርሱ ከሁሉ ይልቅ በቆሎን ይወዳል፤ በበቆሎው አናት ጥቅል ውስጥ ገብቶ ስለሚሸሸግ መርዙም ወፉም አያገኘውም፤ ዝናብ ተከትሎ ከመሄድ ይልቅ በመስኖ እርሻ ዓመቱን በሙሉ ሊራባ ይችላል። የሚለየው ከጭራው አጠገብ ባሉት በአራት ማዕዘን በተቀመጡ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ነው። ሁለቱን በአንድ ስም እየጠራን በአንድ መድኃኒት ለማጥፋት ብንነሣ ድካማችን ከንቱ ነው፤ አንዱን ሜዳ ላይ፣ ሌላውን በአገዳው አናት ውስጥ መፈለግ ያስፈልጋልና።

እንግዲህ ትሉ ሲታይ ከመሸ፣ ጧቱ መቼ ነው? ጧቱ በራሪዋ የምትታይበት ሌሊት ነው። ይህን የተረዱት ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ፣ ሙጉጋ በምትባለው የኬንያ የምርምር ጣቢያ ሆነው፣ በምሥራቅ አፍሪካ በልዩ ልዩ ስፍራ የብርሃን ወጥመድ አስተክለው በየሌሊቱ የሚያዙትን በማስቆጠር ተምች የሚነሣበትን አገር አስቀድሞ መናገር ጀመሩ። በ1962 በአውሮፓውያን አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም ከአንበጣ ሌላ ተምችንና የግሪሳን ወፍ ይከታተላል።

የብርሃን ወጥመድ ግን አንድ ችግር አለበት። በመብራት ሥር የሚወድቀው ነፍሳት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አመድማ የሆኑትም የእሳት እራቶች ብቻቸውን በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነርሱን ለመለየት የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል። ስለዚህ ሊቃውንት ሌላ ማጥመጃ አገኙ። ሴቷ ወንዱን የምትጠራው በድምፅ ሳይሆን ፌሮሞን በሚባል ሽታ ነው፤ ወንዱም ሽታውን በአንቴናው ይዞ በጨለማ ይመጣል። ይህ ሽታ በቤተ ሙከራ ተሠርቶ በወጥመድ ውስጥ ሲንጠለጠል በብዛት የሚገቡት የዚያችው ዓይነት ወንዶች ናቸው። በታንዛኒያ ይህን ወጥመድና አንድ የዝናብ መለኪያ ለመንደር በመስጠት፣ ከገበሬዎቹ መካከል የተመረጠ ሰው በየጧቱ እየቆጠረ ለጎረቤቶቹ እንዲያስታውቅ የተደረገበት ሥራ አለ። የሚያዘው ቁጥር ከፍ ካለና ዝናብም ከጣለ፣ ገበሬው ከሳምንት በኋላ ወደ ማሳው ወርዶ የሣሩን ሥር እየገለጠ ትንንሾቹን አረንጓዴ ትሎች ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ ማንበብና መቁጠር የሚችል ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተ ሰብ ያለ አይመስለንም፤ በመጪው የበልግ ዝናብ ወደየአገራቸው የሚሄዱ ተማሪዎችም ፋኖስ፣ ውኃ ያለበት ሳሕንና ደብተር ይዘው ቢጀምሩ የሚከለክላቸው የለም።

ከአዳራሹ በስተ ቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥናቸው ከመምህራችን ጋር መርምረን የለየናቸው ናቸው። በላይኛው ረድፍ ያሉት ወንዶች፣ በታችኛው ያሉት ሴቶች ናቸው፤ አጉሊ መነጽሩ በአጠገቡ አለ። ሣጥኑን መክፈት ይፈቀዳል፤ ክንፎቹን በጣት መንካት ግን አይቻልም፤ ቅርፊቱ ከለቀቀ የኩላሊቱ ምልክት ይጠፋልና።